በበረደ ሐይቅ ላይ ለሚቀመጥ ሰው እግርን ከቁር ስለ መጠበቅ

«ክረምት» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አንባቢና ለሰሜን አሜሪካ ሰው አንድ ነገር አያመለክትም። ለእኛ ክረምት ዝናብ፣ ጭቃና ደመና ነው፤ ብርዱ የሚጠናብን ግን ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ ደርቆ በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለት በበጋው ወራት ነው። በሰሜኑ አገር ክረምት የሚባለው ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትሄድበት፣ ውሃ ሁሉ የሚረጋበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በቃል ረገድ ሌላም ችግር አለ። በአማርኛ «በረዶ» ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ ረግቶ ለጠነከረ ውሃም፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተበተነ ለሚወርደውም ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ረግቶ የጠነከረውን ውሃ በረዶ፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውን ደግሞ አመዳይ እያልን እንለያለን። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው በሚኒሶታ ከሚኖረው አጎቴ ዘንድ ያሳለፍኩት አንድ የጥር ወር ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። የሚኒያፖሊስ የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከዜሮ በታች 20 የሚደርስበትም ሌሊት ብርቅ አይደለም። ታዲያ የአገሩ ሰው በዚህ ብርድ ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ቅዳሜ ሲሆን ባልዲውን፣ መሰርሰሪያውንና አጭሩን የመንጠቆ ዘንግ ይዞ በረግቶ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የሚል ላክስ ሐይቅ በዚያ ወራት እንደ ሜዳ ሆኖ ሰው ይመላለስበታል፤ ትንንሽ ጎጆዎችም ይተከሉበታል።

ሐይቁ ከላይ የሚረጋበት ምክንያት ለጉዳያችን አስፈላጊ ነው። ውሃ ይበልጥ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ሲበርድ እንደ ገና ቀለል ይላል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ላይ ተንሳፎ በመጀመሪያ የሚረጋው ፊቱ ይሆናል፤ ዓሣውም ከሥር ባለው ውሃ ሳይሞት ይከርማል። የበረዶው ውፍረት ከ10 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሰው በእግሩ ሊሄድበት እንደሚችል የአገሩ ባለሥልጣኖች ያስተምራሉ። እንግዲህ የበረዶው ሥር ውሃውን የሚነካ ስለሆነ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ እግር የሚያርፍበት የበረዶው ፊት ግን፣ አመዳይ ካልሸፈነው፣ ወደ አየሩ ብርድ የተጠጋ ነው። ዓሣ አጥማጁ በዚህ ላይ ባልዲውን ደፍቶ ይቀመጥበታል፤ አራት አምስት ሰዓትም ሳይነቃነቅ ይቈያል። በአመዳይ ላይ የሚንሸራተት ሰው ቢያንስ ጡንቻው ይሠራለታል። ዓሣ አጥማጁ ግን ከመዝናኛ ወዳዶች ሁሉ በእግሩ የሚጎዳው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ የእሱን ጉዳይ የመረመረ ሰው የሌላውንም አብሮ ያገኛል።

እግር ለምን ቀድሞ ይበርዳል? ልብና ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ሥራቸውን የሚሠሩት በ37 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርድ ሲመጣ ሰውነት የሚጠብቀው እነዚህን ነው። ይህንንም የሚያደርገው በቆዳው፣ በተለይም በእጅና በእግር ጫፍ ያሉትን የደም ሥሮች በማጥበብ ነው። ደም ወደ ጣቶች መሄዱን ሲቀንስ ሙቀቱ ለመሃል አካል ይተርፋል፤ እግርም ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። እግራችን ራሱ ሙቀት የሚያመርት ብዙ ሥጋ የለውም። ጣቶቻችንን የሚያነቃንቁት ትላልቆቹ ጡንቻዎች ከቁርጭምጭሚት በላይ በባትና በቅልጥም አጠገብ ናቸው፤ ወደ ታች የሚወርደው ጅማታቸው ነው። ስለዚህ የእግር ሙቀት ማለት ከላይ በደም ተጭኖ የመጣ ሙቀት ማለት ነው። ጭነቱ ከተቋረጠ ጫማው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ብቻ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ጣቶች ቀጫጭን ናቸው፤ ከሥጋቸው ይልቅ ብርድ የሚነካቸው ገጽ ይበልጣል።

ይህ የደም ሥር መጥበብ ግን ያለ ማቋረጥ አይቀጥልም። የብሪታንያው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ በ1930 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ጣት በበረዶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የጠበቡት ሥሮች ተመልሰው ይከፈታሉ፤ ጣቱም ለጊዜው ይሞቃል፤ ከዚያ እንደ ገና ይጠባሉ። ሥሮቹ በዚህ ዓይነት እየተከፈቱና እየተዘጉ ጣትን ከመሞት ያድኑታል። ነገር ግን መሃል አካሉ ራሱ በርዶት ከሆነ ይህ መከፈት ይደክማል ወይም ይቀራል። የእግሩ ጣት የበረደው ሰው ኮቱንና ቆቡን አስቀድሞ ቢመረምር የሚሻለው ለዚህ ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ግን እግሩ በረደኝ ለሚል እንግዳ በመጀመሪያ የሚሰጡት ቆብ ነው።

ሙቀት ከእግር የሚወጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ለዓሣ አጥማጁ ግን የከፉት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በውስጥ እግር በኩል ወደ በረዶው የሚያልፈው፣ ሁለተኛው ከእርጥበት የተነሣ የሚጠፋው ነው። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው። ቆሞ ያለ አየር ሙቀትን በጣም አዝግሞ ያሳልፋል፤ ውሃ ግን ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያሳልፋል፤ በረዶ ደግሞ ከውሃም ይበልጣል። ሱፍም ሆነ ፀጉር፣ ላባም ሆነ ጭድ ሰውን የሚያሞቁት በራሳቸው አይደለም፤ በመካከላቸው አየሩን አስረው ስለሚይዙ ነው። አየሩ ከወጣ ወይም በቦታው ውሃ ከገባ፣ የቀረው ጨርቅ ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አውቄው ነበር፤ በእግሬ ግን አልተማርኩትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ካልሲ ደራርቤ ጫማዬን በግድ አስገብቼ ክሩን አጥብቄ አሰርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼ ያቃጥሉኝ ጀመር፤ ጥቂት ቈይቶ ማቃጠሉ ተወኝና ደስ አለኝ። አጎቴ ይህን ስነግረው ዘንጉን ጣለና፣ «ሕመሙ ጠፋ ነው የምትለኝ? ና ቶሎ ወደ ጎጆው!» አለኝ። ጫማዬን አውልቆ ካልሲዎቹን ሲያይ ሳቀብኝ፤ «እግርህን አነቅኸው እንጂ አላለበስኸውም» አለ። እውነቱን ነበር። ሦስቱ ካልሲዎች በጠባብ ጫማ ውስጥ ተጨፍልቀው አየራቸው ወጥቷል፤ ከዚያም በላይ ደም የሚወርድበትን መንገድ አጥበዋል። አንዱን ቀጭን ካልሲና አንዱን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ትቶ፣ ጣቶቼን እንደ ልብ የማነቃንቅበት የራሱን ሰፊ ቦት ጫማ ሰጠኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ጣቶቼ እየቈረጠሙኝ ተመለሱ። ስለዚህ ለክረምት የሚገዛ ጫማ በወፍራም ካልሲ ተለክቶ መገዛት አለበት፤ ጣት ካልተነቃነቀበት ልኩ አይደለም።

በውስጥ እግር በኩል ያለው ነገር ግን በሰፊ ጫማም ብቻ አይድንም። የሰውነታችን ክብደት የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ካልሲውም ሆነ ስፖንጁ በዚያ ቦታ ይደፈጠጣል። ከላይ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ጫማ ከሥር የአንድ ጣት ሩብ ብቻ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእግርና በበረዶው መካከል የማይደፈጠጥ ነገር ማስገባት ነው። አሮጌ ምንጣፍ፣ የእንጨት ጣውላ፣ ወይም የድንኳን ውስጥ ፍራሽ ቁራጭ ከእግር ሥር ያነጠፈ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ጫማ ከገዛው ይልቅ ይጠቀማል። በጫማው ውስጥም ከተጠቀጠቀ የበግ ጠጕር፣ ማለት ከፌልት የተቈረጠ ወፍራም ገበታ ቢጨመር መልካም ነው።

እርጥበቱ ከውጭም ከውስጥም ይመጣል። የሐይቁ ፊት ከተሰረሰረ ጕድጓድ በሚወጣ ውሃና በረገጡት አመዳይ ስለሚጨቀይ፣ የጫማው ታች ጎማ መሆን አለበት። ጎማው ግን የውጩን ውሃ ሲከለክል የውስጡን ላብ ያግዳል። የእግር ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ የላብ ዕንጭ ከሚበዛበት ቦታ አንዱ ነው፤ ዓሣ አጥማጁም ዕቃውን በበረዶው ላይ ሲጎትት ያልበዋል፤ ከዚያ ይቀመጣል። ላቡ ወደ ካልሲው ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጫማው ግድግዳ ወጥቶ እዚያ ይረጋል። ጥጥ ውሃውን ጠጥቶ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ አየሩንም ያጣል፤ ስለዚህ የጥጥ ካልሲ ለዚህ ሥራ የማይረባ ነው። የበግ ጠጕር ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት በውስጡ ሲይዝ እንኳ ሲነኩት እርጥብ አይመስልም፤ ጠጕሩ ስለሚጠቀለልም አየሩን አይለቅም። እንዲያውም እርጥበቱን በሚጠጣበት ጊዜ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። የመንዝ ሰው ባና የሚለብሰው ሌላ ጨርቅ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ጥጥ በዚያ ደጋ ጭጋግ ውስጥ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ነው። ብልሃተኛ የሆነ ዓሣ አጥማጅ ወደ ቦታው ሲሄድ አንድ ካልሲ አድርጎ፣ ከደረሰ በኋላ በደረቅ ይለውጠዋል። ይህን ትንሽ ሥራ ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ ከምክሮቹ ሁሉ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

የሰሜን ሕዝቦች ይህን ሁሉ ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል። የሳሚ ሕዝብ ከአጋዘን ቆዳ በተሠራ ጫማቸው ውስጥ የደረቀ ሣር ይጐዘጕዛሉ፤ ማታ ሣሩን አውጥተው ያራግፉታል፤ ላቡም በበረዶ መልክ ከሣሩ ይረግፋል። ወደ ዋልታ የሄዱት አውሮፓውያን ይህንኑ ጫማና ሣር ተውሰዋል። ሩሲያውያን ደግሞ ቫለንኪ የሚባል፣ ከተጠቀጠቀ የበግ ጠጕር የተሠራ ስፌት የሌለው ቦት አላቸው፤ ለደረቅ ቁር ወደር የለውም፤ አመዳዩ ሲቀልጥ ግን ጎማ ካልደረቡበት ይበሰብሳል። በአሜሪካ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የተለመደው ጫማ የእነዚህ ልጅ ነው፤ ታቹ ጎማ፣ ላዩ ቆዳ፣ ውስጡ ወጥቶ የሚደርቅ ፌልት።

ሌላው ዓይነት በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የወጣው ትልቁ የጎማ ቦት ነው። በሁለት የጎማ ግድግዳዎች መካከል ሱፍ ታሽጎበታል፤ ላብም ሆነ ውሃ ወደ ሱፉ ሊደርስ አይችልም። እግሩ ይረጥባል፤ ግን ይሞቃል። ወታደሮቹ ቅርጹን አይተው የሚኪ ማውስ ቦት ብለው ጠሩት። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም በዚያው ተራራ ላይ የዋለ ነበርና ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ጦርነት የተገኘ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች መዝገብ እንዳሳየው፣ በዚያው ብርድ የተጎዱት ጥቁር ወታደሮች ከነጮቹ ጋር ሲመዛዘኑ ቁጥራቸው በጣም ይበልጥ ነበር፤ በኋላ በእንግሊዝ ጦርም ውስጥ ይኸው ታይቷል። የላቦራቶሪ ሙከራዎችም በአፍሪካ ተወላጆች ዘንድ ሉዊስ ያመለከተው የደም ሥር መከፈት የዘገየና የደከመ መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ ጎረቤቱ አሜሪካዊ በስስ ጫማ ሲወጣ አይቶ «እሱ ከቻለ እኔስ» የሚል ሰው በራሱ ጣት ላይ ነው የሚወራረደው።

በሱቅ ስለሚሸጡት ማሞቂያዎች ረጅም ነገር አያስፈልግም። በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው የብረት ዱቄት ከጨውና ከከሰል ጋር ተደባልቆ አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ በሚዝግበትም ጊዜ ይሞቃል። አየር በሌለበት ጠባብ ጫማ ውስጥ ግን ሥራው ይደክማል። በባትሪ የሚሞቅ ካልሲም አለ። ሁለቱም ይረዳሉ፤ ጠባብ ጫማንና እርጥብ ካልሲን ግን አይክሱም። አረቄ ማሞቂያ ነው የሚለው እምነት እዚያም አገር አለ፤ አልኮል የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ ሙቀት እንዲሰማን ቢያደርግም ያ ሙቀት ከመሃል አካል እየወጣ የሚጠፋ ነው። ትምባሆ ደግሞ በተቃራኒው የጠበበውን ሥር ይበልጥ ያጠበዋል። ከእነዚህ ይልቅ በየሃያው ደቂቃ ተነሥቶ በሐይቁ ላይ መመላለስ ይሻላል። ተቀምጦ ያለ ሰው የሚያመርተው ሙቀት የ100 ዋት አምፑል ያህል ሲሆን፣ ፈጠን ብሎ ሲሄድ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ብርድ በመጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ቆዳው ነጭ ወይም አመድማ ሆኖ እንደ ሰም ይጠነክራል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መንጣቱ ፈጥኖ ስለማይታይ በእጅ ዳስሶ ማወቅ ያስፈልጋል። መደንዘዙ ማስጠንቀቂያው ነው፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ደወል አይደወልም። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ውሃ የሚረጋበት ብርድ ብቻ አያስፈልግም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውሃ ውስጥ ቆመው የዋሉ ወታደሮች እግራቸው የተበላሸው ከዜሮ በላይ በሆነ ብርድ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ያዳናቸው መኰንኖቹ በየቀኑ የወታደሩን እግር እየመረመሩ ካልሲ በማስለወጣቸው ነው።

የተጎዳ እግር ምን ይደረግለት ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከመቶ ዓመት በላይ የተሳሳተ ነበር። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም ባሮን ላሬ በ1812 ከሞስኮ በተመለሰው ሠራዊት ውስጥ የበረደ እግራቸውን በእሳት ዳር ያሞቁ ሰዎች ሲበሰብሱ አየ። አስተያየቱ ትክክል ነበር፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም፤ ደግሞም የሞቀው እግር በማግስቱ በጕዞ እንደ ገና ይረጋ ነበር። ያወጣው ሕግ ግን እግሩ በአመዳይ ይታሽ የሚል ሆነ። የረጋ ሥጋ ሲታሽ በውስጡ ያለው የበረዶ ስለት ይቈራርጠዋል። ዛሬ ሐኪሞች የሚያዙት ሌላ ነው፤ ሳያሹ፣ ወደ እሳትም ሳያቀርቡ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆዳው እስኪለሰልስና መልኩ እስኪመለስ ማቈየት ነው። ይህም የሚደረገው ዳግመኛ እንደማይረጋ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ሞቆ እንደ ገና የረጋ ጣት ሳይሞቅ ከቈየው ይልቅ ይበላሻልና። ለከባዱ ጉዳት ደግሞ ኢሎፕሮስት የተባለውን የደም ሥር ከፋች መድኃኒት የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 ፈቅዷል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ሰውየው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ከደረሰ ነው። በ1950 አናፑርና የተባለውን 8,091 ሜትር ተራራ መጀመሪያ የወጡት ፈረንሳውያን ኤርዞግና ላሽናል ሁለቱም የእግር ጣቶቻቸውን ሁሉ ያጡት፣ ሐኪም ቤት በሌለበት በሰው ጀርባ ተጭነው ሲወርዱ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ተማሪ ቢኖር፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በጥር ዕረፍት ወደ ባሌ ሳነቴ ወይም ወደ ስሜን ለመውጣት የሚያስበውን ይጠይቅ። ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ አለው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ቀን በፀሐይ ሸሚዝ ብቻ ይበቃል፤ ማታ ሰማዩ ስለሚጠራ ምድሩ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ውርጭ ያድራል። ጅብራ እንኳ ሲመሽ ቅጠሎቿን ወደ ውስጥ ሰብስባ እምቡጧን ትሸፍናለች። አደጋው ያለው በቀኑ ላብ ነው። በጥጥ ካልሲና በሸራ ጫማ ሲወጣ የዋለ ተማሪ ማታ እርጥቡን እንደ ለበሰ በእሳት ዳር ይቀመጣል፤ ሌሊት ለምን እንዳልተኛ ግን አይገባውም። ለመኝታ ብቻ የሚቀመጥ አንድ ደረቅ የሱፍ ካልሲ በከረጢቱ ሥር ቢኖረው ይድን ነበር።

ጫማውንስ? በ1953 ሂላሪ ኤቨረስት ላይ በመጨረሻው ድንኳን ያደረ ጊዜ እርጥብ ጫማውን አውልቆ ከመኝታ ከረጢቱ ውጭ አሳደረው። ጧት እንደ ድንጋይ ረግቶ አገኘው፤ በጋዝ ምድጃው ላይ ይዞ እስኪለሰልስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ወደ ጫፉም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ማታ ከሐይቁ ስንመለስ ፌልቱን ከጫማው አውጥቶ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ይሰቅለዋል፤ የጎማውን ውስጥ ደግሞ በአሮጌ ጋዜጣ ይሞላዋል። ከእራት በኋላ ጋዜጣው ረጥቦ ሲገኝ ያወጣና ሌላ ደረቅ ይጨምራል።